የማክሰኞ በርጩማ

ማክሰኞ ማክሰኞ በርጩማው ይጠፋል። ሌላ ሌላ ቀን ከበሩ ጀርባ፣ ከባልዲው ጎን ተጎልቶ የሚውለው፣ አንድ እግሩ በሰማያዊ ገመድ የታሰረው በርጩማ ማክሰኞ ሲነጋ የለም፤ ወደ ማታ ደግሞ በገዛ እግሩ ሄዶ እንደ ተመለሰ ሁሉ ከቦታው ይገኛል። ቤዛብሕ ጫማውን የሚያስረው እሱ ላይ ተቀምጦ ስለሆነ፣ ማክሰኞ መሆኑን የሚያውቀው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በአንድ እግሩ እየነጠረ ግድግዳ ሲደገፍ ነው። የት ይሄዳል ብሎ አልጠየቀም። ለመጠየቅ ከአክስቱ ከእትዬ አስቻለች ጋር መነጋገር ያስፈልግ ነበር፤ ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ ሁለቱ የተነጋገሩት ሁሉ ቢለቀም አንዲት የክብሪት ቀፎ አይሞላም። "ሽሮው እዚያ ነው።" "እሺ።" "ውሃ መጥታለች።" "እሺ።" በቃ። እሷ ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጃንጥላዋን ይዛ ትወጣለች፤ እሱም በርጩማውን ለስብከት ወደ ሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ይዛው ትሄዳለች ብሎ ደምድሟል። ሰው በተኛበት የደመደመውን ነገር መልሶ የሚመረምረው ቤቱ ሲቃጠል ብቻ ነው።

ቤቱ የቀበሌ ቤት ነው። ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ፣ ዳገቱን በጎኑ ደገፍ ያለ፣ አንድ ክፍልና ሁለተኛ ክፍል ሊሆን አስቦ ጓዳ ሆኖ የቀረ ነገር። ቆርቆሮው ሁለት ክረምት አፍስሷል፤ የባልዲው መተዳደሪያ እሱ ነው። አክስቱ ጥጥ ትፈትላለች። አርባ ዓመት ሙሉ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ፈትላለች፤ የእሷ ክር በአንድ መርፌ ቀዳዳ ሦስት ሆኖ ያልፋል፣ አንድ ሸረሪትማ አይቶ ሙያውን ሊተው ነበር ይባላል፤ እንግዲህ የሸማኔ ወሬ ነው። ቤዛብሕን እናቱ ከሞተች በኋላ በዚያው ክር አሳድጋ፣ በዚያው ክር ኮምፒውተር አስተምራዋለች። ከቅዱስ ሩፋኤል ሥዕል ጀርባ አንድ ደብዳቤ ተሰክቷል፦ የቤቱ ውል የሚታደሰው አዲሱን መታወቂያ ይዞ ለቀረበ ተከራይ ነው፤ የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው፤ ያልቀረበ ቤቱን ያስረክባል። ቤዛብሕ በግንቦት "መታወቂያሽን አወጣሽ እንዴ?" ብሏት "ይደርሳል" ብላዋለች። አስቻለች ይደርሳል ካለች ይደርሳል፤ እሱም ከዚያ ወዲያ አላነሳውም። አሁን ሰኔ ነው።

ዝምታው የመጣው በፋሲካ ማግስት ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ የጎን ጎረቤታቸው ቦሰና፣ እሷም ፈታይ ናት፣ የጠላ ብርጭቆዋን አስቀምጣ "ቤዛዬ፣ ያ የመሥሪያ ቤታችሁ ማሽን እኮ እኔን አላይም አለ። እስቲ አንተ..." ማለት ጀመረች። ቤዛብሕ አላስጨረሳትም። ያን ሳምንት አለቃቸው ስለ ዝምድና አሠራር ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲገሥጻቸው ሰንብቶ ነበር። "እትዬ ቦሰና፣ እኔ ቢሮ ስገባ ዘመድም ጎረቤትም የለኝም። ወረፋ ይያዙ" አለ፣ አፉ ውስጥ ያለውን ሳይውጥ። ሰው ሁሉ ሰማ። ቦሰና ሳቀች፤ የማያስቅ ሳቅ። አክስቱ የያዘችውን ሳህን ቀስ ብላ አስቀመጠች፤ ወሬዋንም ከሳህኑ ጋር አብራ አስቀመጠች።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ቤዛብሕ አንዱን ጫማ እንደምንም አሰረ፤ ሁለተኛውን ሲሞክር ሚዛኑ ከዳው፣ ትከሻው ግድግዳ መታ፣ ተወው። ክሩን ወደ ውስጥ ጠቅጥቆ ወጣ። ዳቦ አሥር ብር፣ ታክሲ ትናንት አሥራ አምስት የነበረው ዛሬ ሃያ። "ለምን?" ያለ ተሳፋሪ የለም፤ ሁሉም እንቅልፉን በመስኮቱ ላይ ደግፎ ብሩን ሰጠ። ቤዛብሕም ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሚሄደው፤ እንቅልፍ ሳይሆን ድካም የሚያስተኛው ሰው ሆኗል።

የሚሠራበት ቤት እንደልብ የማስረጃ ማዕከል ይባላል። ስሙን ያወጣው ሰው ወረፋ ይዞ አያውቅም። ባለጉዳይ በፊት በር፣ ሠራተኛ በኋላ በር በጄኔሬተሩ በኩል ይገባል፤ ቤዛብሕ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከአንድ ኮምፒውተርና ከአንድ ካልተከፈተ መስኮት ጋር ይውላል፣ ከባለጉዳይ ጋር ዓይን ለዓይን አይገናኝም። አለቃው አቶ ሐብታሙ በጥር ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር አምስት ቀን ሠልጥኖ ሲመለስ ጡብ የሚያህል ጥራዝ ይዞ መጣ፦ "የአይቲ አገልግሎት አስተዳደር ምርጥ ተሞክሮ ማዕቀፍ"። ደረቱ ላይም የሥልጠናውን ምልክት ሰካ፤ ፒጃማው ላይም ይሰካዋል የሚሉ አሉ። ከዚያ ወዲህ "ኧረ ኮምፒውተሬ እምቢ አለኝ!" ብሎ በደረጃው መጣራት ቀረ። ቅሬታ ሁሉ ቲኬት ሆነ። ቲኬት ቁጥር አለው፣ ደረጃ አለው፣ ሰዓት ይቆጠርበታል። ብዙ ሠራተኛ ያስቆመ ብልሽት አንደኛ ደረጃ ነው፤ አንድ መስኮት ብቻ የነካ አራተኛ። ቤዛብሕ ያይና "ተፈቷል፤ ሞክረው ያረጋግጡ" ብሎ ይጽፋል፤ በሦስት ቀን መልስ ካልመጣ ቲኬቱ ራሱን ይዘጋል። መልስ አይመጣም። የመስኮት ሠራተኛ ኢሜይሉን የሚከፍተው የደመወዝ ጭማሪ ወሬ ሲናፈስ ነው። እናም ሁሉም ነገር፣ የተፈታውም ያልተፈታውም፣ ይዘጋል።

"ክስተት ሌላ፣ ችግር ሌላ" ይል ነበር ሐብታሙ ያኔ ሲያሠለጥናቸው። "ክስተት ማለት ጣሪያ ሲያፈስ ባልዲ መደቀን ነው። ችግር ማለት ቆርቆሮው ለምን ተበሳ ብሎ መጠየቅ ነው። ያው ክስተት ከተመላለሰ ችግር ብላችሁ መዝግቡ፤ ምክንያቱ ሳይገኝ አይዘጋም።" ቤዛብሕ የቤታቸው ባልዲ ትዝ ብሎት ሳቀ፤ ሐብታሙ በምሳሌው የሳቀ መስሎት ተደሰተ። ከዚያ ወዲህ ችግር ብሎ የመዘገበ ማንም የለም። ለምን ይመዝግብ? ችግር ሲመዘገብ ከሱ ጋር የተያያዙት የተዘጉ ቲኬቶች ሁሉ መልሰው ይከፈታሉ፣ ውጤት ይወርዳል። የቤዛብሕ የሥራ ውል ደግሞ በሰኔ መጨረሻ ያበቃል፤ የሚታደሰው ከመቶ ዘጠና አምስቱ ከተዘጋ ነው።

"ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ከዋናው መሥሪያ ቤት ገምጋሚዋ ትመጣለች" አለ ሐብታሙ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በሩን በትከሻው ከፍቶ። "ዘጠና ስምንት ላይ ነን። የቀሩህ ሰባት ናቸው አይደል? ከምሳ በፊት ዝጋቸው።"

"ካልተፈቱስ?"

"ዝጋ ነው ያልኩህ፤ ፍታ አልወጣኝም።"

ስድስቱን ዘጋ። ሰባተኛዋ ግን ያቺው ናት፦ "መስኮት ሦስት። የአሻራ መሣሪያ አያነብም።" ስድስት ጊዜ ተከፍታ አምስቴ ራሱ ዘግቷታል። ሁሌም የምሳ ሰዓት ጠብቆ፣ ወረፋው ሲበተን ይወርድና አውራ ጣቱን መሣሪያው ላይ ያሳርፋል፤ አረንጓዴ መብራት ቦግ ይላል፤ "ሞከርኩት፤ ይሠራል" ብሎ ይጽፋል። ዛሬ ከመዝጋቱ በፊት ስልኩን አነሳ። መስኮት ሦስት ላይ የሚሠራው ነገራ ነው፤ ምሳ ባይበላ ቀልድ የሚያውለው ሰው።

"ነገራ፣ ይቺ የአሻራ ቲኬት ስድስተኛ ጊዜዋ ነው። መሣሪያው እኮ ደህና ነው፣ ትናንት በምሳ ሰዓት ሞክሬዋለሁ።"

"በምን ሞከርከው?"

"በጣቴ ነዋ! በአፍንጫዬ ልሞክረው?"

"እንግዲያው እንኳን ደስ ያለህ፣ አንተ መታወቂያ ማውጣት ትችላለህ። እኚህ እማማ ግን አልቻሉም። ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣሉ፣ እኔ ቲኬታቸውን መልሼ እከፍታለሁ፣ 'ሳምንት ይሞክሩ' እላቸዋለሁ፣ ሳምንት ሲመጡ 'ጉዳይዎ ተዘግቷል' ይላል። 'ማን ዘጋው?' ይሉኛል። 'ከላይ' እላለሁ። 'ከላይማ እግዜር ነው' ይሉኛል።" ነገራ ሳቀ። "ዛሬም ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ አሉ። በርጩማቸውን ከቤት ይዘው ነው የሚመጡት። ደግሞ እግሩን ያሰሩበት ገመድ ምን ይመስልሃል? ሰማያዊ የኔትዎርክ ገመድ! ከእናንተ ክፍል የጠፋ ነገር የለም?"

ቤዛብሕ ስልኩን ሳይዘጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ያን ገመድ ባለፈው ጥቅምት ከቢሮ የተረፈ ቁራጭ ወስዶ፣ በጥርሱ እየጎተተ ያሰረው ራሱ ነው።

በፊት በር በኩል ያለውን አዳራሽ በሥራ ሰዓት ሲያየው የመጀመሪያው ነበር። እርጥብ ካፖርት ይሸታል። ሰዉ ግድግዳውን ተከትሎ ተሰልፎ፣ የታደለው አግዳሚ ላይ፣ ያልታደለው በቁመቱ ያንቀላፋል። እሷ ከመስኮት ሦስት ፊት ለፊት በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ጃንጥላዋ ጉልበቷ ላይ፣ የወረቀቷ ፌስታል ጃንጥላው ላይ። አየችው። ፊቷ ላይ የተነቃነቀ ነገር አልነበረም፤ የሚያውቁት ሰው ታክሲ ውስጥ ሆኖ ሲያልፍ እንደሚታየው አየችውና ዓይኗን ወደ ወረፋ ቁጥሩ መለሰች። ቤዛብሕ በመስኮቱ በውስጥ በኩል ገባ። ነገራ "እማማ፣ ይምጡ፣ ባለሙያው ራሱ መጥቷል" ብሎ ጠራት።

አውራ ጣቷን አሳረፈች። ቀይ። ቤዛብሕ የመሣሪያውን መስታወት በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው፤ እንደገና ቀይ። የራሱን አሳረፈ፤ አረንጓዴ። እጇን ያዘ። እንዲህ እጇን ከያዘ ቆይቷል፤ መጨረሻ የያዘው ጎሚስታው ጋ ያለውን አስፋልት ስታሻግረው፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ነበር። የስልኩን መብራት አብርቶ ጣቷን ተመለከተ። ምንም የለበትም። ሰው ሁሉ ጣቱ ላይ የሚይዘው ያ የተጠማዘዘ መስመር፣ እርሻ የመሰለው፣ አልነበረም፤ እንደ ወንዝ ጠጠር ለስልሶ መብራቱን መልሶ ያበራል። አርባ ዓመት ሙሉ ክር አልፎበታል። በየጊዜው ሲፈትሸው የኖረው መሣሪያ ጤነኛ ነበር። የተመረመረው የተሳሳተ ጣት ነው።

"ጌታው፣ የግራዬንም ልሞክር?" አለችው አክስቱ። ጌታው አለችው።

"አያስፈልግም" አለ፣ የስልኩን መብራት አጥፍቶ።

ወደ ላይ ወጥቶ የቆዩትን ቲኬቶች ፈለገ። "መስኮት ሦስት፣ አሻራ" ብሎ ሲጠይቅ አርባ ሦስት ቲኬት ተደረደረለት፣ ለአንድ ባለጉዳይ አንድ። ከእያንዳንዱ ሥር የሱ ጽሑፍ አለ፦ ሞከርኩት፤ ይሠራል። ሞከርኩት፤ ይሠራል። የሰዎቹ ስም ቲኬቱ ላይ አይጻፍም፤ በሥርዓቱ ተጠቃሚ ማለት ነገራ ነው፣ ባለጉዳይዋ የፋይል ቁጥር ብቻ ናት። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ስማቸውን አነበበ። የሽሮ ሜዳ ፈታዮች፣ ልቃቂት ሲቆጥሩ ያደገባቸው ሴቶች ናቸው። ሃያ ሰባተኛዋ ቦሰና ነበረች፤ ቀኑ የፋሲካ ዋዜማ ሰሞን። ነግራው ነበር እኮ። በቤቱ፣ ከሳህኑ ፊት ቆማ፣ ማሽኑ አያየኝም ብላ ነግራዋለች። አርባ ሦስት ባልዲ ደቅኖ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አላየም። ምሳ አልበላም። ሰባት ተኩል ላይ ጥራዙን ከመደርደሪያው አወረደ፣ አቧራውን እፍ አለ፣ ቅጹን ከፈተና "ችግር ቁጥር አንድ" ብሎ መዘገበ፦ መሣሪያው በሥራ ብዛት የለሰለሰ ጣት አያነብም፤ አሻራ ለማይነበብለት ሰው በፎቶግራፍ የሚያልፍበት መንገድ አልተሠራም። አርባ ሦስቱም ቲኬቶች መልሰው ተከፈቱ። ዘጠና ስምንት የነበረው ስልሳ አንድ ሆነ፤ እንቁላል ከእጅ ሲወድቅ እንዲህ ነው፣ መውደቁን እንጂ መሀሉን አታየውም።

ገምጋሚዋ ሊድያ ትባላለች፤ ወጣት፣ ድምፅ የሌለው ጫማ የተጫማች፣ በር ለከፈተላት ሁሉ "ተባረክ" የምትል። ሐብታሙ ስክሪኑን ወደ እሷ አዙሮ፣ ፈገግታውን አዘጋጅቶ፣ ቁጥሩን አየ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ፣ ባለቤቱ ግን ሄዶ ነበር።

"ችግር መዝግባችኋል" አለች ሊድያ። "ዘንድሮ ከዞርኩባቸው ቤቶች ይህን ያየሁት እዚህ ብቻ ነው። መፍትሔው ምንድን ነው?"

"አስቸኳይ ለውጥ" አለ ቤዛብሕ ሐብታሙን ሳያይ። "ሰባት ቁጥር ቅጽ። በኃላፊው ፊርማ ዛሬውኑ በፎቶግራፍ ይታለፋል። አንዷ ባለጉዳይ ታች አሉ፤ የቤት ውላቸው ዓርብ ያበቃል።"

"እንዴት እንደምትፈጽሙት ላየው እችላለሁ?"

ሐብታሙ ምን ይበል? ምርጥ ተሞክሮ ነዋ። አራት ሆነው መስኮት ሦስት ጋ ቆሙ፣ ነገራ ወንበሩን ለቆላቸው። ሐብታሙ ቅጹን ለሊድያ እንዲሰማ አድርጎ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር፤ የፋይል ቁጥር፣ ምክንያት፣ ጠያቂ ባለሙያ። አምስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

"ጠያቂው ከባለጉዳዩ ጋር ዝምድና አለው ወይ? ዝምድና ካለ በአስቸኳይ አይታይም፣ ለለውጥ ኮሚቴ ይቀርባል።" ኮሚቴው የሚሰበሰበው በወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ነው። የሚቀጥለው በሐምሌ ነው። "ቤዛብሕ፣ ይህችን ሴትዮ ታውቃታለህ?"

ቤዛብሕ አፉን ከፈተ። በዚህ በኩል ዓርብ አለ፣ ቤቱ አለ፤ በዚያ በኩል ያሳደገችው ሴት አለች፣ ከመስታወቱ ወዲያ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ።

"እኔን?" አለች አስቻለች። ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ዓይኗ ጫማው ላይ ሲደርስ፣ ያልታሰረው ክር ላይ ትንሽ ቆየ። "ኧረ አላውቀውም ልጄ። ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ዘመድ ቢኖረኝ ማክሰኞ ማክሰኞ እዚህ እቀመጥ ነበር?"

ዶሮ አልጮኸም። የጮኸው ወረቀት ያለቀበት የነገራ ፕሪንተር ነው።

"በል ጻፍ" አለ ሐብታሙ። ቤዛብሕ ብዕሩን ተቀብሎ ከ"ዝምድና" ትይዩ "የለም" ብሎ ጻፈ። በፋሲካ በአፉ የተናገረውን አሁን በእጁ ጻፈው፣ ፈረመበት፤ ነገራም ማኅተሙን ጠፍ አደረገበት። ሐብታሙ ግን ከፊርማው በፊት "ለዚህ ፋይል ቁጥር ብቻ" የምትል መስመር አስገባ። ነገራ ፎቶ አነሳት፤ "ቀና ይበሉ እማማ፣ ፈገግ ማለት በነጻ ነው" ቢላትም ፈገግ አላለችም። ስድስት ማክሰኞ ያለቀሰ ጉዳይ በሩብ ሰዓት አለቀ። መታወቂያውን በፌስታሏ ጠቀለለች፣ ለነገራ እግዜር ይስጥልኝ አለች፣ ለሊድያ አለች፣ "ለጌታውም" አለች፤ በርጩማዋን ብብቷ ውስጥ አስገብታ ወጣች።

"ለአንዲት ፈታይ ብለህ የዓመት ሥራዬን አፈረስከው" አለው ሐብታሙ ደረጃው ላይ፣ ሊድያ ከሄደች በኋላ። አልጮኸም፤ እሱም ደክሞታል።

"ለአርባ ሦስት ነው።"

"የዘጋሃቸው እኮ አንተ ነህ።"

"አዎ።"

"ውልህን ሐምሌ ላይ እናየዋለን" አለና ሁለት ደረጃ ወጥቶ ቆመ። "የቀሩትን በጅምላ አልፈርምም። እያንዳንዷ የራሷ ቅጽ ይኑራት፤ ደንቡ እሱ ነው።"

ዝናቡ አሥር ሰዓት ላይ ከእንጦጦ ወርዶ ከተማውን ሲደበድብ ቆይቶ አሥራ አንድ ላይ ደከመው። ቤዛብሕ ታክሲ አጥቶ በእግሩ ወጣ። ሸሚዙ ውስጥ አርባ ሁለት ባዶ ቅጽ ይዟል፤ ልብሱ ረጥቦ ወረቀቱ ደረቅ የሆነ ሰው ያን ቀን እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ቤት ሲደርስ አክስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን ታሾራለች። ባልዲው ጠብ ጠብ ይላል። በርጩማው ከቦታው ነው። መታወቂያዋ ከሩፋኤል ሥዕል ሥር፣ ከደብዳቤው ጎን ተሰክቷል፤ ፎቶው ላይ አኩርፋለች። ራቱ እንደ ወትሮው ተከድኗል፤ "ሽሮው እዚያ ነው" አላለችም፣ እሱም "እሺ" አላለም። ቅጾቹን ከሸሚዙ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ መሙላት ጀመረ። አንድ ጻፈ። ሁለት ጻፈ። ስም ሲጠፋው ቀና ይላል፤ እሷ ሳይጠይቃት፣ ዓይኗን ከክሩ ሳትነቅል፣ የሴትየዋን የአባት ስም ትነግረዋለች። ሦስተኛው የቦሰና ነበር።

እንዝርቱ ቆመ።

"ለቦሰናስ ምን ብለህ ልትጽፍ ነው?"

"ዝምድና የለም፣ እቴቴ።"

"የሷስ እውነት ነው" አለች። በርጩማውን በእግሯ ጣቶች ሳብ አደረገችና ወደ ጠረጴዛው አስጠጋችለት። "ተቀመጥ። ዛሬን ተቀመጥበት፤ ነገ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቦሰና ለወረፋው ትወስደዋለች።"